ከባልሳ እንጨት ስለ ተሠራ ትንሽ የጦር አይሮፕላን

በአገራችን እንጨት የሚከበረው በክብደቱና በጥንካሬው ነው። ወይራ ለምሰሶ፥ ዋንዛ ለበርና ለከበሮ፥ ጥድ ለጣራ ይመረጣል፤ ቀላሉን እንጨት ግን ባላገር በእጁ መዝኖ ይጥለዋል። በአየር ላይ ለሚሄድ ነገር ይህ ፍርድ ይገለበጣል። በደቡብ አሜሪካ፥ ይልቁንም በኤኳዶር አገር፥ ባልሳ የሚባል ዛፍ አለ። ዕድገቱ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ለመቈረጥ ይደርሳል፤ ከደረቀም በኋላ አንዱ ሜትር ኩብ አብዛኛውን ጊዜ ከ160 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ያው መጠን ያለው ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። ባልሳ ማለትም በእስፓኝ ቋንቋ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የእንጨት መደብ ማለት ነው፤ የጣና ሰው በደንገል ታንኳ እንደሚሻገር የዚያ አገር ሰዎችም በዚህ እንጨት ይሻገሩበት ነበርና።

ከዚህ እንጨት የተዘጋጀ አንድ ሣጥን ባሕር ማዶ የሚኖር ወንድሜ ወደ ዲማ ላከልኝ። በውስጡ ሐሪኬን የተባለውን የእንግሊዝ የጦር አይሮፕላን በትንሹ ለመሥራት የተቈረጡ ስስ ጣውላዎችና አንድ ሰፊ የንድፍ ወረቀት ነበሩበት። ሐሪኬን ማለት ዐውሎ ነፋስ ነው። እውነተኛው አይሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 12 ሜትር ከ19 ሳንቲም ሲሆን አምሳያው ከአሥራ ሁለት እጅ አንድ እጅ ስለ ሆነ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያልፋል።

ሥራው የሚጀመረው ንድፉን በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ዘርግቶ፥ ኮላው እንዳይጣበቅበት በስስ ላስቲክ በመሸፈን ነው። ከዚያ በኋላ ክንፉን የሚሸከሙት ረጃጅም ዘንጎች በስፒል ይያዛሉ፤ በዘንጎቹም ላይ የጎን አጥንት የሚመስሉት ስስ ጣውላዎች አንድ በአንድ ይተከላሉ። ጎጆ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ዘንጉ ወራጅ ነው፥ አጥንቱም ማገር ነው። ነገር ግን ቤት የሚሠራ ሰው እንዳይወድቅበት ሲል እንጨት ይጨምራል፤ ክንፍ የሚሠራ ሰው ግን እንዳይወድቅበት ሲል ይቀንሳል። በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱ ብቻ ብዙ ምሽት ወሰደብኝ፤ የባልሳ ትቢያ ከዱቄት የቀለለ ስለ ሆነ ሰው በተነፈሰ ቍጥር ይነሣል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ እውነተኛው ሐሪኬን ራሱ እንዲሁ የተሠራ መሆኑ ነው። የኋላ አካሉ በብረት ቱቦ ላይ የእንጨት ማገር ተደርጎለት በሸራ የተለበደ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹም ክንፎቹ በሸራ የተሸፈኑ ነበሩ። እንግዲህ የትንሹን አጥንት የሠራ ሰው የትልቁንም አጥንት በመጠኑ ያውቃል ማለት ነው።

የአልባሱ ነገር ደግሞ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ስስ ወረቀት በክንፉ አጥንት ላይ ከተለጠፈ በኋላ ውሃ ይረጭበታል፤ ሲደርቅም ይኰማተርና እንደ ከበሮ ቈዳ ይወጠራል፤ በላዩም የሚያጠነክረው ቅብ ይቀባል። ብራና የሚያዘጋጁ ሰዎች የፍየሉን ቈዳ ነክረው፥ እርጥቡን በእንጨት ላይ በገመድ ወጥረው፥ እየፋቁ የሚያደርቁት በዚህ ሕግ ነው። እርጥብ ሳለ ያልተስተካከለ ብራና ከደረቀ በኋላ አይስተካከልም፤ የክንፍ ወረቀትም እንዲሁ ነው። በቅኔና በመጻሕፍት በምትታወቀው፥ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው ደብሮች አንዷ በሆነችው በዲማ ለሚኖር ሰው፥ ይህን የፈረንጅ ጥበብ በብራና ምሳሌ ማስረዳት ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ወደ እኔ የሚመጡት ተማሪዎች ከንድፉ ወረቀት ይልቅ በዚህ ምሳሌ ተረዱኝ።

ሚዛኑም አለ። አይሮፕላኑ ከክንፉ ስፋት፥ ከፊቱ ጠርዝ ሲለካ፥ ከአራት እጅ አንድ እጅ እስከ ሦስተኛው እጅ በሚሆነው ስፍራ በሁለት ጣት ሲያዝ ሳያዘነብል መቆም አለበት፤ ጅራቱ ከከበደ በአፍንጫው እርሳስ ይጨመራል። የአገሩም ከፍታ ይታሰባል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ቆላ ሜዳ የሚነሣ አምሳያ በጎጃም ደጋ ለመነሣት ከስምንት እጅ አንድ እጅ ያህል ፍጥነት መጨመር ይኖርበታል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ስለ እጅ ሥራ ነው። አንዳንድ ካህናት ግን፥ "የጦር መሣሪያ ምስል በመምህር ቤት ምን ያደርጋል?" ብለው ጠይቀውኛል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በመጀመሪያ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ከነጦሩ የሚሥል ሠዓሊ መሣሪያ ሠራ አይባልም ብዬ መልሼ ነበር። መልሱ ግን እኔንም ደስ አላሰኘኝም፤ በሥዕል ያለው ጦር ድምፅ የለውምና።

ስለ ድምፁ ያሳሰቡኝ ዕድሜያቸው ዘጠናን ያለፈ አንድ የኔታ ናቸው። መጥተው ክንፉን በጣታቸው ዳሰሱና፥ "ልጄ፥ ይህ ነገር ይጮኻል?" አሉኝ። "ሞተር ከገባበት ይጮኻል፥ የኔታ" አልኋቸው። ዝም ብለው ቈዩና የልጅነታቸውን ነገር ነገሩኝ፤ በጠላት ዘመን የአይሮፕላን ድምፅ በተሰማ ጊዜ እናታቸው ጢሱ እንዳይታይ ሮጠው ምድጃውን በአመድ ያዳፍኑት እንደ ነበረ፥ ልጆቹም ጥሬ በልተው እንደ ዋሉ።

አይሮፕላን ወደ አገራችን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ የተባለ የፈረንሳይ አይሮፕላን በአዲስ አበባ አረፈ። ዓመት ሳይሞላው፥ በመጋቢት 1922 ዓ.ም.፥ በአንቺም ጦርነት በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ ከቦምቡ አስቀድሞ ወረቀት ጣለ፤ በወረቀቱም የጳጳሱና የኤጲስ ቆጶሳቱ የግዝት ቃል ነበረበት። የጎጃም ጦር ግን የአይሮፕላንን ክፋት በሙሉ ያየው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ነው። በራስ እምሩ መሪነት ወደ ሽሬ የዘመተው ሠራዊት በተከዜ አጠገብ ሳለ የኢጣልያ አይሮፕላኖች የሚያቃጥል መርዝ ጣሉበት። ሐሪኬን ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር የበረረው ከዚያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ፥ በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ነበር፤ ለእኛ ግን የደረሰው በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች እየነዱት ከጠላት አይሮፕላኖች ጋር በተዋጉ ጊዜ ነው። የዚያ ዓመት መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

እንግዲህ ይህ አምሳያ የወዳጅ አይሮፕላን ነው ብዬ ለየኔታ ለማስረዳት ሞከርሁ። እርሳቸውም፥ "ከታች ላለ ሰው የማን እንደ ሆነ በምን ይታወቀዋል?" አሉኝ።

አምሳያው ሲታሰብ በራዲዮ እንዲበር ነው። ከታች የቆመው ሰው በእጁ ከያዘው መሣሪያ የራዲዮ ሞገድ ይሰዳል፤ በአይሮፕላኑ ሆድ ያለው ተቀባይ ሞገዱን ሰምቶ ትንንሽ ሞተሮችን ያዛል፤ እነርሱም የጅራቱንና የክንፉን መቅዘፊያ ይስባሉ። እንግሊዞች በ1927 ዓ.ም. ገደማ ለመድፈኞቻቸው የተኵስ መልመጃ የሚሆን፥ ሰው ሳይቀመጥበት በራዲዮ የሚሄድ አይሮፕላን ሠርተው "የንብ ንግሥት" ብለውት ነበር። ዛሬ ድሮን የምንለውም ቃል በቋንቋቸው ወንዱ ንብ ማለት ነው። መጫወቻውና የጦር መሣሪያው፥ ምንም እንኳ በኃይል የማይወዳደሩ ቢሆኑ፥ በአሠራር ወንድማማቾች ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ሰው የማይቀመጥበት አይሮፕላን በብዙ ስፍራ ቦምብ ጥሏል፤ ከሞቱትም መካከል በጦርነቱ እጃቸው የሌለበት ሰዎች አሉ። የማንኛውንም ወገን ክስ ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። የምናገረው በጆሮዬ ስለ ሰማሁትና በዓይኔ ስላየሁት ነው፤ የወፍጮ ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ገበያተኛው ነገሩን አቋርጦ ቀና ይላል፥ ወፍጮ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ሳይስቅ ወደ ነገሩ ይመለሳል። በራዲዮ የሚበር ነገር ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም እንደማይቻል አውቃለሁ። ሕጉ ባይኖር እንኳ በዚህ ሰማይ ሥር ለራሴ ደስታ ሞተር የማስጮኽበት ምክንያት አላገኘሁም። ወንድሜም ሞተሩንና ራዲዮውን ልላክልህ ወይ ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ እንዳይልክ ጻፍሁለት።

ለተቀባዩና ለባትሪው የተተወው ስፍራ ባዶውን አለ፤ ክዳኑን በሁለት ትንንሽ ቡሎን ዘግቼዋለሁ። ሚዛኑ እንዳይጐድል በአፍንጫው በሞተሩ ምትክ እርሳስ አስገባሁ። የግራ ክንፉን ወረቀት አልብሼ የእንግሊዝን ክብ ምልክት ቀባሁበት፤ ወደ ቀኙ ስደርስ ግን የኔታ፥ "ይህ ይቅር፤ ልጆቹ አጥንቱን ይዩት" አሉ። ስለዚህ ቀኙ ክንፍ ሳይለብስ በክፍሉ ወራጅ ላይ ተሰቅሏል። ተማሪዎቹ አጥንቶቹን ይቈጥራሉ፤ አንዱም ከቈርጭ እንጨት የራሱን ክንፍ መጥረብ ጀምሮ ሦስት አጥንት አድርሷል።