ዳማና ውኃ

ዶርም ውስጥ አንድ ጓደኛዬ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። ውጭ አገር ቁመታቸው አንድ ሜትር የማይሞላ ድንክ ፈረሶች በሻምፖ ይታጠባሉ፣ ጋማቸው ይበጠራል። «እናንተ አገር ፈረስ ይታጠባል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ዳማ ትዝ አለኝና አልሳቅሁም።

ዳማ የአጎቴ ፈረስ ነው። አጎቴ የሚኖረው ጋዝጊብላ፣ ከአስከተማ ወጣ ብሎ ነው። ፈረሱን ከገበያ ሲገዛው ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ውኃ ሲያይ ይደነብራል፣ ጀርባውን ሲነኩት ይራገጣል። ለጥምቀት ደግሞ አጥቦና አስጊጦ፣ ግላስ አልብሶ ሊቀመጥበት አስቧል። ለገና ወደ ቤት ስሄድ «እኔ አጥበዋለሁ» አልኩ። የተማረ ሰው አይደለሁ!

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። በባልዲ ውኃና የልብስ ሳሙና ይዤ ከኋላው መጣሁ። ጀርባው ላይ ስደፋበት ገመዱን በጥሶ ሄደ። እስኪመሽ ስንፈልገው ዋልን።

አጎቴ አልተቆጣኝም። «ከኋላ ነው የሄድክበት?» ብቻ አለኝ። የፈረስ ዓይኖች ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ ከጭራው በስተኋላና ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ቦታ ግን አትታየውም። ስለዚህ በማግሥቱ አጎቴ በትከሻው በኩል ቀረበው፣ በኽምጣኛ እያወራው። ውኃ አልያዘም፤ ደረቅ ጨርቅ ነው። አንገቱን ጠረግ አደረገና ፈረሱ ሳይሸሽ በፊት እሱ ራሱ ራቀ። እንደገና ቀረበ። ያን ቀን ሥራው ይኸው ነበር፤ እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሦስተኛው ቀን ጨርቁ እርጥብ ሆነ። ደጋው ብርድ ስለሆነ ውኃውን ጀሪካን ውስጥ ፀሐይ ላይ አሙቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ከኮቴው ጀመርን። ኮቴ፣ ቅልጥም፣ ጉልበት። ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያጥፍ እንቆማለን፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ማላመጥ ሲጀምር እንቀጥላለን። (የቃለ መጠይቅ መምህራችን «ከባዱን ጥያቄ አታስቀድሙ» የሚሉት ያኔ ገባኝ።)

በስምንተኛው ቀን ጀርባው ላይ ደረስን። ፀጉሩን ስገልጥ ከትከሻው ከፍ ብሎ፣ ኮርቻው በሚያርፍበት ቦታ የእጅ መዳፌን የሚያህል ገጣባ አገኘሁ። ከላይ ደርቋል፣ ከሥር መግል ይዟል። ጎኑ ላይ ነጭ የፀጉር ነጠብጣብ አለ፤ ከዳነ ቁስል ላይ የሚበቅል ፀጉር ብዙ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ከዚህ በፊትም ቆስሎ ነበር ማለት ነው። እኔ ሳሙና ያፈሰስኩት እዚያ ላይ ነው።

አጎቴ ዝም ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ኮርቻውን አንስቶ ጓዳ አስገባው። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ በየቀኑ ቁስሉን ስናጥብለት ዳማ ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ አልሸሸም።

ጥምቀት ደረሰ። የጎረቤት ልጆች በፈረስ ሲጋልቡ አጎቴ ታጥቦ የሚያበራ ፈረስ በገመድ እየሳበ በእግሩ ወጣ። «ፈረስ እያለህ በእግርህ?» እያሉ ሳቁበት። እሱም ሳቀ። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ትንሽ ወደ ጎን ወጣ ብዬ፣ ዳማ እንዲያየኝ።