ደርሶ መልስ የሌለው መንገድ

መኪና ያለው ሰው ተራራ ይወጣል እንጂ ተራራ አይሻገርም። ይህን የምለው በቅናት አይደለም፤ አስቤበት ነው። ባለመኪናው መኪናውን ከተራራው ግርጌ ያቆማል፤ ይወጣል፤ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ልቡ ያለው ኪሱ ውስጥ ካለው ቁልፍ ላይ ነው። በካስማ የታሰረች ላም ገመዷ እስከደረሰበት ብትግጥም ማዶ ያለው ሣር የእርሷ አይደለም። እርሱም እንደዚያው ነው። በአውቶቡስ የሄደ መንገደኛ ግን ከኋላው የሚጎትተው ነገር የለም። በአንዱ ከተማ ይወርዳል፤ ተራራውን በእግሩ ያቋርጣል፤ ከማዶው ከተማ በሌላ አውቶቡስ፣ በሌላ መንገድ ወደ ቤቱ ይገባል።

እኛ ባሕር ዳሮች የሜዳ ሰዎች ነን። ሐይቁም ከተማውም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ዝርግት ብለው ተኝተዋል። ብስክሌት የተወደደብን ያለምክንያት አይደለም። ሽቅብ ያማረው ሰው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣ ዓባይን ቁልቁል አይቶ ይመለሳል። ይህ ደርሶ መልስ ነው፤ ከምሳ በፊት ያልቃል። ከዚያ በላይ የሚሻ ሰው መነኻሪያ መሄድ አለበት።

በ2005 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሐሳባችን ጉናን ከክምር ድንጋይ በኩል ወጥተን በእስቴ በኩል መውረድ ነበር። በአውሮፓ ተራራ የሚሻገሩ እግረኞች የአውቶቡስ የሰዓት ሰሌዳ በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ አሉ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ሰዓታቸውን እያዩ ይወርዳሉ። እኛ ዘንድ አውቶቡስ የሚነሣው ሲሞላ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ረዳቱ «ደብረ ታቦር የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮኽ ተሽቀዳድመን ብንገባ፣ ወንበሩ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር።

በመጨረሻ ተነሣን። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን፣ ሐሙሲትን አልፈን፣ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። የፎገራ ሜዳ ከነሩዝ ማሳው ወደ ኋላ ቀረ። ከዓለም በር ጀምሮ ምድሩ ይነሣል፤ ሞተሩም ማቃሰት ይጀምራል። ደብረ ታቦር ላይ ቁርስ በልተን በሌላ ሚኒባስ ክምር ድንጋይ ወረድን። ከዚያ በኋላ ሥራው የእግር ሆነ።

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። መጀመሪያ የገብስና የድንች ማሳ፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ የከበባቸው ጎጆዎች፣ ከዚያ ጓሳና ጅብራ ብቻ። ትንፋሽ ያጥራል። በመንገድ ያገኘነው ሁሉ በአንድ ቃል ይጠይቀናል።

«ወዴት ናችሁ?»

«ወደ እስቴ።»

«ዘመድ አላችሁ?»

«የለንም።»

«ታዲያ በምን ጉዳይ?»

ተራራውን ለማየት ነው ስንል እረኞቹ ሳቁብን። አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «ይሁን እንግዲህ፤ ብቻ ሳይመሽባችሁ» ብለው መርቀው አሳለፉን።

ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። በሌላው ወገን የሚወርደው ውኃ ደግሞ ጣናን ሳያይ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ይህን በትምህርት ቤት ከካርታ ላይ ተምሬዋለሁ፤ በየቀኑ በዳርቻው የምመላለስበት ሐይቅ ከየት እንደሚመጣ የገባኝ ግን እዚያ ላይ ቆሜ፣ ከእግሬ ሥር ካለው ረግረግ ውኃ ሲንጠባጠብ ሳይ ነው።

ይህ አገር የማይመለሱበትን መንገድ ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እየቀደዱ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው እየወጡ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ሚያዝያ 6 ቀን እዚያው መቅደላ ላይ ሞቱ። በዘመኑ በዚያ መንገድ ዳር የነበረ ገበሬ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ሲያይ ምን ያስብ እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ ሠራዊት ባለፈበት ጎተራ ይራቆታልና።

እኛ ግን ጎጆ የተከፈተልን መንገደኞች ነበርን። ወደ ማታ ጉሙ ሲወርድ ከመጀመሪያው ደጅ ቆመን «ቤቶች!» አልን። እማወራዋ ብቅ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩን።

«የመሸብን እንግዶች ነን፣ እናቴ።»

«ቤት ለእንግዳ። ግቡ እንጂ፤ ውርጩ ሳይፈጃችሁ።»

የገብስ ቂጣ፣ የተቀቀለ ድንችና ጠላ ቀረበልን። ከእሳቱ አጠገብ ያለውን መደብ ለቀቁልንና ልጆቹ ተጣበው ተኙ። ጧት ባለቤታቸው እስከ ጋራው ጫፍ ሸኝተው የእስቴን መንገድ በዱላቸው አሳዩን። ገንዘብ ብንዘረጋላቸው ተቆጡ። «ባሕር ዳር ስመጣ ታሳድሩኛላችሁ» አሉ። እሺ አልን። የአጥር በሬን መጥሪያ የሰማሁ ቁጥር ያ እሺታ ትዝ ይለኛል።

ቀኑን ሙሉ ወርደን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገባን፤ እዚያ አድረን በማግስቱ በአንበሳሜና በሐሙሲት በኩል፣ አቧራ ለብሰን ባሕር ዳር ደረስን።

እንዲህ ላለው ጉዞ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ በሁለቱም ጫፍ አውቶቡስ፣ በመካከሉ ደግሞ እንግዳን የማይጠረጥር ሰው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲደርስ፣ ያ አገር የመድፍ ድምፅ እንደገና ሰማ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክልሉ በገባበት ግጭት «መንገድ ተዘጋ»፣ «መንገድ ተከፈተ» የዕለት ወሬያችን ሆነ። መነኻሪያ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የታሪፉን ነገር መሆኑ ቀረ።

ከአውቶቡሱ መቆም ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመካከሉ ነገር ነው። «ከየት መጣችሁ? ወዴት ናችሁ? ዘመድ አላችሁ?» ቃሉ ያኔም ያው ነበር። ያኔ የሚጠይቀን ሰው ማደሪያ ሊያስብልን ነበር። በጦርነት መካከል ላለ ሰው ግን ይኸው ጥያቄ ምርመራ ነው፤ ጠያቂውም መላሹም ይፈራል። በተራራው በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው የሚወጣ፣ ማዶ ዘመድ የሌለው ሰው፣ ማን ላከው አይባልም ወይ? እነዚያ እማወራ በራቸውን ለመክፈት ቢያመነቱ ማን ይፈርድባቸዋል?

የሰላምን ነገር በሬዲዮ ብዙ እንሰማለን። እኔ የምለካበት የራሴ መስፈሪያ አለኝ። ሁለት ሰዎች ያለምንም ጉዳይ፣ ተራራ ለማየት ብቻ ከክምር ድንጋይ ተነሥተው ጉናን ተሻግረው እስቴ ሲገቡ፣ በመንገድ ያገኛቸው ሰው ሁሉ «እህል ቀመሳችሁ?» ብሎ ብቻ ሲያሳልፋቸው፣ ያን ጊዜ አምናለሁ።