ፎቶው የት ነው ላላችሁኝ

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ይሄ የት ነው?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። «ፎቶሾፕ ነው» ያላችሁም አላችሁ። አይደለም። ቨርጂኒያ ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እንዴት እንደሚኬድ ከታች እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ የቆየ ዕዳ አለብኝ፣ እሱን ልክፈል።

የዛሬ 18 ዓመት ደሴ ባዮሎጂ ሳስተምር፣ ዘጠነኛ ክፍል ቅጠላቸውን ስለሚያረግፉ ዛፎች አንድ ትምህርት ነበር። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና «በበልግ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ ይረግፋል» አልኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ በልግ እኮ ዝናብ የሚመጣበት ነው። እኛ ገብስ የምንዘራበት ነው። ዝናብ እየመጣ ቅጠሉ ለምን ይረግፋል?»

የደጋ ገበሬ ልጅ ነው፤ በልግን ከኔ በላይ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ያንን ቅጠል በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ቃሉንም ያገኘሁት መዝገበ ቃላት ገልጬ ነው። «አላውቅም» ማለት ሞት መሰለኝ። «ዝም ብለህ የተጻፈውን ገልብጥ!» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

ወደ አሜሪካ ልምጣ። እዚህ ገጽ ላይ ጠመኔ ይዤ የቆምኩበትን የድሮ ፎቶ እየለጠፍኩ፣ ምን እንደምሠራ ግን ጽፌ አላውቅም። ዋሽንግተን መሃል፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው። ስምንት ዓመት ሆነኝ። እዚያ ወቅት የሚባል ነገር የለም፤ ሐምሌም ታኅሣሥም ያው አንድ ዓይነት መብራት ነው።

ባለፈው የፀደይ ወራት አንድ መኪና ገባ። ትኬቱን ስሰጠው ሹፌሩ ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝና «ቲቸር?» አለኝ። «ኧረ ተሳስተሃል ወንድሜ» አልኩት። በአማርኛ! እስቲ አሁን ይሄ መደበቅ ነው? «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ማታ መኪናውን ሊወስድ ሲመጣ ቁልፉን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበለኝ። ያኔ ለየሁት። የበልጉ ልጅ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ቀድሜ «እኔ ነኝ» አልኩት። ሳቀ። «አውቄያለሁ ቲቸር» አለኝ፣ ሌላ ምንም አላለም። ኦክቶበር ሲገባ ደወለልኝ። «እሁድ እረፍት ነዎት? የማሳይዎት ነገር አለ።»

ስምንት ዓመት ልጁን ከኋላ አስቀምጦ መጣልኝ። ተራራው ጫፍ ወጥተን መኪናዋን ሲያቆም፣ ምን ልበላችሁ፣ ከእግራችን በታች ያለው ሸለቆ በሙሉ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ ነው። መሃሉን የሸናንዶዋ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ለሁለት አሥርት ዓመት ያስተማርኩትን ነገር የዚያን ቀን ነው ያየሁት።

ልጅቷ «አረንጓዴው የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች። የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጥንና የድሮውን ትምህርት ጨረስኩት። ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ዛፉ ክሎሮፊል መሥራቱን ያቆማል፤ አረንጓዴው ፈርሶ ይጠፋል። ቢጫው ግን አዲስ አይደለም። ካሮቲኖይድ ይባላል፤ በጋውን ሙሉ ቅጠሉ ውስጥ ነበር፣ አረንጓዴው ሸፍኖት እንጂ። ቀዩ ለብቻው ነው። አንቶሳያኒን ይባላል፣ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው መርገፊያው ሲደርስ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረ ስኳር ነው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ሳይሆን ቀዝቃዛ ሲሆን ቀዩ ይደምቃል።

«ታዲያ ሊረግፍ ከሆነ ቀይ መሥራት ለምን አስፈለገው?» አለችኝ።

አባቷ ወደኔ አየ። እኔም አየሁት። «አላውቅም» አልኳት። «የተማሩትም ገና እየተከራከሩበት ነው። ከፀሐይ ለመከላከል ነው የሚሉ አሉ፣ ነፍሳትን ለማራቅ ነው የሚሉም አሉ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞሬ «ያንተም ጥሩ ጥያቄ ነበር» አልኩት። «በልግ ያልኩት ስህተት ነው። ይሄኔ አገር ቤት መፀው ነው፤ አበባና እሸት እንጂ የሚረግፍ ቅጠል የለም። አንተ ልክ ነበርክ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ዝም ብሎ ቆየና «ቲቸር፣ እሱን እኮ እኔ ብቻ የማስታውሰው ነበር የሚመስለኝ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የኔንም አልደብቃችሁም።

በሉ አሁን ወደ መንገዱ። ከዋሽንግተን በሀይዌይ 66 ወደ ምዕራብ ስትነዱ 70 ማይል አካባቢ ላይ ፍሮንት ሮያል ከተማ አለች። የፓርኩ ሰሜናዊ በር እዚያ ነው። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ በተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል ይሄዳል። ፍጥነቱ 35 ማይል ነው፣ አትቸኩሉ፤ አጋዘንም ድብም ይሻገራል። እኛ የቆምንበት ሆግባክ የሚባለው መመልከቻ ነው፣ ከማይል 20 አለፍ ብሎ። ጉልበት ያላችሁ ማይል 42 አካባቢ ስቶኒ ማን አለላችሁ፤ አጭር የእግር መንገድ ነው፣ ጫፉ 4,011 ጫማ ነው። ደሴ ያደገ ሰው በከፍታው አይደነቅም፣ በሚያየው ግን ይደነቃል።

ቀለሙ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ተራራው ላይ ብዙውን ጊዜ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ መጨረሻው ይደምቃል፣ ዝቅ ያለው ቦታ ይዘገያል። ካመለጣችሁ ሃርፐርስ ፌሪ ሂዱ፤ ሸናንዶዋ ከፖቶማክ ጋር የሚቀላቀልበት ነው። ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን ለመታገል መሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘባት ከተማ ናት። ከማዶ ያለውን የሜሪላንድ ሃይትስ ገደል ከወጣችሁ ከተማዋንና ሁለቱን ወንዞች አንድ ላይ ታያላችሁ። ያ ውሃ ወርዶ ዋሽንግተን ይደርሳል። ለካ በየቀኑ ሥራ ስሄድ በድልድይ የምሻገረው እሱን ነው። ወደ ሁለቱም በጠዋት ድረሱ፤ በዚህ ሰሞን ቅዳሜና እሁድ ረፈድ ካለ ሰልፉ አይጣል ነው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ «ገልብጥ» ብዬ አፋችሁን ያስያዝኳችሁ ሌሎችም እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ጥያቄያችሁን ካስታወሳችሁት እዚህ ጻፉልኝ። የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ።

ፓርኪንግ ካገኛችሁኝም «ቲቸር» በሉኝ። አቤት እላለሁ።