የጉግስ መምህር ደመወዝ

በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት ከባሕር ዳር የተነሣ ሰው ዳንግላ ላይ ብርዱን መቅመስ ይጀምራል። አዲስ ቅዳምን አልፎ እንጅባራ ሲደርስ ጋቢ ይናፍቀዋል። በጥር መጨረሻ ሳምንት ደግሞ በኮርቻና በግላስ ያጌጡ ፈረሶች መንገዱን ይሞሉታል። እኔም የተጓዝኩት እነሱን ለማየት ነው።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ፈረስ በዓድዋ ለአባቶቻችን የዋለውን ውለታ በዚህ ዕለት ይዘክራል።

እኛ የከተማ ወላጆች ልጆቻችንን ቴኳንዶ ወይም ካራቴ የምንልከው ጤና፣ ድፍረትና ራስን መግዛትን እንዲማሩልን ብለን ነው። በአዊ ይህን የሚያስተምረው ጉግስ ነው። አንዱ ወገን እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው በግልቢያ ላይ ሳለ ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ጭኑ ካልጠነከረ፣ ዓይኑ ካልነቃ ይወድቃል። ንዴቱን ያልገዛም ልጓሙን ያለ ቅጥ ስለሚጎትት ፈረሱ እሺ አይለውም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚባለው ለካ ለዚህም ይሆናል፤ መሠልጠን ያለበት ሰውየው ነው።

ከሜዳው ዳር የቆሙ አንድ አዛውንት አጠገብ ተጠግቼ «አባቴ፣ እርስዎን ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«አባቴ ናቸዋ! እኔ ልጄን አስተማርኩ፤ አሁን ደግሞ ይኸን» ብለው ለኮ የያዘውን የልጅ ልጃቸውን አሳዩኝ። ልጁ ከመጋለቡ በፊት ማብላት፣ ማጠጣትና ማሸት መማሩንም ነገሩኝ።

«ክፍያውስ?»

ሣቁ። «ገብሱ ለፈረሱ፣ ምርቃቱ ለእኔ።»

መልሳቸው ቢያስቀኝም አሳሰበኝ። የቴኳንዶ መምህር በወር ክፍያ ቤቱን ሊያስተዳድር፣ ሌላ ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሙያው ሊሰጥ ይችላል። የጉግስ መምህር ግን ጊዜውን ከእርሻው ሰርቆ ነው የሚያስተምረው። የልጅ ልጁ ለትምህርት ወይም ለእንጀራ ከተማ ከገባ ሙያውን የሚረከበው የለም።

ስለዚህ በጥር ወደ እንጅባራ የምትሄዱ ወላጆች፣ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትመለሱ። ከበዓሉ ግርግር በኋላ አንድ ቀን ጨምሩ። ልጃችሁ ፈረስ ማሸትንና ኮርቻ ላይ መቀመጥን ከአንድ ባለሙያ ይማር፤ ለመምህሩም እንደማንኛውም አሠልጣኝ ዋጋውን ክፈሉ። ምርቃቱን ግን ሳትቀበሉ እንዳትነሡ።