ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፦ ሰዓት በቁልቁለት

ደሴ ፒያሳ ላይ ቀና ያለ ዓይን ከጦሳ ተራራ ጋር ይጋጠማል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1882 ብቅ ያለውን ጅራታም ኮከብ አይተው ከተማ ይቆርቆር እንዳሉ ይነገራል። የዛሬ ጉዳያችን ሰው ሠርቶ ሰማይ ላይ የሰቀላቸው ናቸው።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ «ኮምቦልቻ፣ የቀረው አንድ ሰው!» እያለ ሦስት ይጭናል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቁልቁለቱ 600 ሜትር ግድም ነው። ሐረጎ ላይ ጆሮ ይደፈናል፤ የጭነት መኪኖች በከባድ ማርሽ ይንፏቀቃሉ። ከሾፌሩ ፊት የተሰካው ስልክ እያንዳንዱን ጥምዝ በሰማያዊ ነጥብ ይከተላል። ነጥቡን የሚመሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በአንስታይን የአንጻራዊነት ቲዎሪ መሠረት እዚያ ስበት ስለሚላላ ሰዓታቸው በቀን 45 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጥናል፤ የጉዟቸው ፍጥነት 7ቱን ይመልሳል። በቀረችው 38 ማይክሮ ሰከንድ ብርሃን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ የዚህን መንገድ እኩሌታ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስለዚህ ልዩነቱ አስቀድሞ ይታረማል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠቁት ሁለት የአውሮፓ ጋሊልዮ ሳተላይቶች በሮኬቱ ብልሽት ሞላላ ምሕዋር ላይ ቀሩ። ለባለቤቶቹ ኪሳራ፣ ለአንስታይን ሲሳይ! በቀን ሁለት ጊዜ 8,500 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ሲሉ ሰዓታቸው ሲፈጥንና ሲዘገይ ተለካ፤ በ2018 የወጣው ውጤት ከቲዎሪው ጋር ገጠመ።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሹራብ ይወልቃል። በአውሮፕላን ማረፊያው ወይም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለ ሰዓት ደሴ ካለው በቀን 6 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ቀጠሮ ላረፈደ ሰው ግን ሰበብ አይሆነውም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ላጂኦስ የተባለው ሳተላይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጠቀ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ 426 መስታወት የተለበጠ ድቡልቡል። ከምድር ሌዘር ይተኮስበታል፤ ብርሃኑ ደርሶ እስኪመለስ ባለው ጊዜ ርቀቱ ይሰላል። ማማሰያ ገንፎውን ይዞ እንደሚዞር ምድርም ስትሽከረከር በዙሪያዋ ያለውን ጠፈር ትጎትታለች፤ በዚህ የተነሳ ምሕዋሩ በዓመት 2 ሜትር ያህል ይዞራል። ችግሩ ምድር ወገቧ ያበጠ፣ ክብደቷም ያልተስተካከለ መሆኑ ነው፤ የወሎ ተራሮችና የአፋር ዝቅታ ሳይቀሩ ሳተላይቱን በየድርሻቸው ይጎትቱታል። የእነዚህ ድምር የአንስታይንን ድርሻ ከነአካቴው ይውጠዋል። በ2002 የመጠቁት የግሬስ መንትያ ሳተላይቶች የምድርን ስበት ካርታ ካወጡ በኋላ ነው ተመራማሪዎቹ ቹፎሊኒና ፓቭሊስ ያንን ድምር ቀንሰው በ2004 የቀረውን ያሳወቁት፤ 10 በመቶ ያህል የስሕተት ገደብ ይዞ ከስሌቱ ጋር ገጥሟል። ገደቡን ለማጥበብ ላሬስ የተባለ ሳተላይት በ2012፣ ላሬስ 2 ደግሞ በ2022 ተከትለዋል።