የበርሜል ፓራፋንጎ

የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት የክረምት ወራት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር አንዲት ላንድሮቨር ተፈታታ ተቀምጣ ነበር። ኮፋኖዋ ከግድግዳው ተደግፏል፤ ቸርኬዎቿ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል፤ ቡሎኖቿና ዳዶዎቿ በየመጠናቸው ተለይተው በባዶ የወተት ጣሳዎች ውስጥ ተጠራቅመዋል። በየጣሳው ላይ «የፊት ባሌስትራ»፣ «የግራ በር»፣ «ካምቢዮ» የሚል ጽሕፈት ይነበባል። ፊደሉ የተጠነቀቀ፣ መስመሩ የቀና፣ የመምህር እጅ ጽሕፈት ነው። የመኪናዋ ባለቤት ለ30 ዓመት ያህል በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። የሰፈሩ ሰው ግን እስከ ዛሬ መኪናዋን የሚጠራት በሟች አባቱ ስም ነው፤ መምህሩም ይህን ለማረም ሞክሮ አያውቅም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1965 እንግሊዝ አገር ሶሊሀል ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣች፣ ከፊቷ ሦስት ሰው የምታስቀምጥ፣ ከኋላዋ ጭነት የምትይዝ ናት። ከፊተኛው ጎማ እምብርት እስከ ኋለኛው ያለው ርቀት 109 ኢንች ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሯ ይዘቱ 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ኃይሉም 77 የፈረስ ጉልበት ነው። አካሏ ከአሉሚኒየም ቅልቅል ላሜራ ተሠርቷል። ይህም ከምቾት ሳይሆን ከችግር የመጣ ነበር። የመጀመሪያዋ ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ስትታይ፣ ብሪታንያ ከጦርነቱ ማግሥት በብረት እጥረት ትቸገር ነበርና መሐንዲሶቹ አሉሚኒየምን መረጡ። ስለዚህም ላሜራዋ ዝገት የማያውቀው፣ ላሜራውን የተሸከመው የብረት ሻንሲ ግን ከውስጥ በኩል በዝገት የሚበላ መኪና ተወለደች። እጥረት የወለዳት መኪና፣ እጥረት ባልጠፋበት አገር ረጅም ዕድሜ ማግኘቷ የሚያስደንቅ አይደለም።

አባትየው ይህችን መኪና ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ነድተዋታል፤ አስቀድሞ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነው፣ ኋላም በሐራጅ ስትሸጥ ባጠራቀሟት ገንዘብ ገዝተው። ዘርና ማዳበሪያ፣ የሙሽራ ጓዝና የታመመ ሰው ጭነውባታል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የፊደል መጻሕፍትና ጥቁር ሰሌዳ ይዛ ዳገት ወጥታለች። በ1977 ዓ.ም. ወሎ በድርቅና በረሀብ በተመታ ጊዜ ደግሞ እህል አመላልሳለች። አንደኛና ሁለተኛ ማርሿ ያለ ጩኸት የሚገቡት ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ለሚረግጥና የሞተሩን ድምፅ ለሚያዳምጥ ሾፌር ብቻ ስለነበረ፣ አባትየው «መኪና በጆሮ ይነዳል» ይሉ ነበር። ጫፉ ቢጫ የሆነው ዘንግ የፊት ጎማዎቹን ሥራ ሲያስገባ፣ ጫፉ ቀይ የሆነው ደግሞ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ሲጨምር፣ ከጎናቸው የሚቀመጠው ልጅ የሁለቱን ቀለማት ሥራ ያወቀው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው።

በ1995 ዓ.ም. መኪናዋ ቆመች። ቤተሰቡ «አባባ ደከሙ» አለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አረፉ። ልጅየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መኪናዋ ከዳሱ ሥር የዶሮዎች ማደሪያ ሆና ቆየች። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ዶሮዎቹን አስወጥቶ ሥራ ጀመረ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ መኪናዋን ከፋብሪካ በወጣችበት ዕለት እንደነበረች አድርጎ መመለስ። ጋራዦች እንደሚሉት «ኦርጅናል» ትሁን ነው።

ቃሉ ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ይህች እንግሊዝ የተወለደች መኪና በአማርኛ ስትጠገን የምትነጋገረው በጣሊያንኛ ነው። ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ እያለ የሚሠራ መካኒክ፣ ቃላቱ የጣሊያን እንደሆኑ እንኳ ላያስታውስ ይችላል። ቃላቱ አገራችን የቀሩት እንደ ተረፈ ዕቃ ነው፤ የተገኘው ዕቃ በሌላ መኪና ላይ እንደሚገጠም፣ የተገኘውም ቃል በሌላ ቋንቋ ላይ ተገጠመ። ዛሬ ማንም ከአማርኛው ልፍታቸው ቢል መፍቻ አያገኝም።

መምህሩ ግን ያን ጊዜ የሚያስበው ስለ ቃላት አልነበረም። የፋብሪካውን መመሪያ መጽሐፍ ገዝቶ ገጽ በገጽ አጠና። በዚያ ዓመት የወጣች መኪና ካርቡራተሯ ሶሌክስ መሆን እንዳለበት፣ ሌላው ዓይነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1967 እንደሆነ አወቀ። የፊት መብራቶቿ በፓራፋንጎዎቹ ላይ ሳይሆን መሐል ላይ፣ ከራዲያተሩ ወንፊት ግራና ቀኝ መቀመጥ እንዳለባቸው፤ ዲናሞ እንጂ በኋላ የተገጠመላት ኦልተርኔተር የእርሷ እንዳልሆነ፤ በዚያ ዘመን ከአካሏ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ እንደነበረ ተረዳ። ሦስት ጊዜ የተቀባችውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ከሥር የመጀመሪያውን ጥቁር አረንጓዴ አገኘ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመስተዋት መጥረጊያ ሞተር ገዛ፤ በማንቬላ መያዣው ፈንታ ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ለንደን የምትኖረው እህቱ ካርቡራተሩንና ዲናሞውን ላከችለት። በመጨረሻም፣ ከደመወዟ ቆጥባ፣ የቀኝ ፓራፋንጎ በሣጥን አሽጋ ላከች፤ የዘመኑ፣ የፋብሪካው፣ አሉሚኒየም።

ከዚህ በኋላ መምህሩ በአንድ ደብተር ላይ «ትክክል ያልሆኑ» የሚል ርእስ ሰጥቶ ከመኪናዋ መውጣት ያለባቸውን ነገሮች ዘረዘረ። 43 ሆኑ። በገጹ ግርጌ «ይቀመጥ» በሚል ርእስ ሥር አንድ ነገር ብቻ ጻፈ፤ ከመሪው ወደ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ። ይህ ዘንግ በ1995 ዓ.ም. ከወልድያ መልስ ተሰብሮ፣ አባትየው በመንገድ ዳር አስበይደውት በዚያው ቤታቸው የገቡበት ነው። የብየዳው ጠባሳ ለልጁ የአባቱ ብልሃት ማኅተም ነበር።

ደብተሩን ይዞ መኪናዋን ለብዙ ዓመታት ወደ ጠገኑት ሽማግሌ መካኒክ ሄደ። ሽማግሌው ወደ ሰማንያው የተጠጉ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ጥቁር ቅባት ለዘለቄታው የገባባቸው፣ ጆሯቸው ግን ሞተር የሚለይ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። አልፎ አልፎ ጣታቸውን በአንድ መስመር ላይ ያሳርፉና ይቆጥራሉ። ከ43ቱ ውስጥ 19ኙ የእጃቸው ሥራዎች ነበሩ። ደብተሩን ዘግተው በጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«መልካም ነው ልጄ» አሉ። «እኔንስ የምትፈታኝ መቼ ነው?»

መምህሩ ማፈሩን ሸሽጎ «ጋሼ፣ እንደ ጥንቷ እንድትሆን ብዬ እንጂ» አለ።

«የትኛዋ ጥንት? የመርከቧ ነው የዳገቱ?»

በማግሥቱ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ግቢው መጡ። በመጀመሪያ የጠየቁት የቀኙን ፓራፋንጎ ነበር። በ1977 ዓ.ም. መኪናዋ እህል ጭና ስትመለስ ከቋጥኝ ጋር ተላትማ የቀኝ ጎኗ ጠፍቶ ነበር። በበነጋው ደግሞ መውጣት ነበረባት፤ ፓራፋንጎ ከየት ይምጣ? አንድ ባዶ የዘይት በርሜል ተሰንጥቆ፣ ተዘርግቶ፣ ሌሊቱን በመዶሻ ሲቀጠቀጥ አድሮ በግራው አምሳያ ተሠራ። መምህሩ በዝርዝሩ ቁጥር አንድ ያደረገው ይህን ነው።

«ፍታው» አሉት ሽማግሌው። ቡሎኖቹ አንድ በአንድ ወጡ። ፓራፋንጎው ሲነሣ፣ ከሥሩ ከጎማ ከመነዳሪ በቀጭኑ የተቀደደ ላስቲክ በመጋጠሚያው ዙሪያ ሁሉ ተነጥፎ ተገኘ። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ውሃ ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፤ መኪናዋ ፋብሪካ ባጋጠማቸው ቦታዎች እንኳ እንዲህ ተበልታለች። በላስቲኩ ሥር ያለው ላሜራ ግን ንጹሕ ነበር። በአንድ ሌሊት፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ጠዋት የሚጫነው እህል በሚጠበቅበት ሰዓት፣ ያ ሰው ላስቲኩን ማንጠፍ አልዘነጋም። ከውስጥ በኩል የተቀባው ግሪስ ሲጠረግ ደግሞ በርሜሉ ላይ የነበሩት የባዕድ ፊደላት፣ ግማሾቹ ተገልብጠው፣ ግማሾቹ በመዶሻው ተለጥጠው ብቅ አሉ።

መምህሩ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ነገር ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የተሰበሰቡ የጥንታዊ ሕንፃ ጥገና ባለሙያዎች ባወጡት ሰነድ፣ የጥገና ግቡ ሕንፃውን ወደ አንድ ዘመን መልክ መመለስ አለመሆኑን፣ ልዩ ልዩ ዘመናት ያከሉበት ተገቢ ሥራ ሁሉ ሊከበር እንደሚገባው ደንግገዋል። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2012 ባጸደቀው ሰነድ ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ተሽከርካሪዎች አምጥቶታል። ሆኖም የቀድሞ ሰው የነካው ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። አባትየው በበጋ ወደ ላሊበላ ሲሄዱ ልጃቸውን ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ በዚያም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የተሠማሩ ባለሙያዎች፣ ቀደም ሲል በተደረገ ጥገና በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ተቀብቶ ጎጂ ሆኖ የተገኘውን ሬንጅ መሰል ልባስ አንሥተዋል። ታዲያ በርሜሉ ከየትኛው ወገን ነው? ላስቲኩ ወይስ ሬንጁ? ጥያቄውን የሚመልሰው የዕቃው ዕድሜ ወይም የትውልድ አገሩ አይደለም፤ የሠራው ሰው ነገ ለሚመጣው አስቦ እንደሆነ ነው።

ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሱም። ከመኪናዋ ፊት ዝቅ ብለው የተበየደውን ዘንግ በከዘራቸው ጫፍ ነኩ።

«ይህንንስ?»

«እሱ ይቀመጣል ጋሼ፤ አባቴ ያስበየዱት ነው» አለ መምህሩ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ። «አባትህ ይህችን መኪና ለምን እንዳቆሟት ታውቃለህ?»

«ደክመው።»

«አልደከሙም። ያን ቀን ባዶዋን፣ በእግር ፍጥነት እየነዱ እኔ ጋ መጡ። ‹ይህ ብየዳ ለእኔ አንድ ነፍስ ይበቃ ይሆናል፤ ለሰው ልጅ ግን አይበቃም፤ ዕቃው እስኪገኝ አትነካ› አሉኝ። ፈለግን፤ አጣን። ከዚያ እሳቸውም ሄዱ።» ቀና ብለው ልጁን አዩት። «አንተ የአባትህ ብልሃት ነው የምትለው፣ የአባትህ ጭንቀት ነው። ያን ጊዜ ዕቃ አልነበረም፤ ዛሬ ይገኛል።»

ያን ምሽት መምህሩ ደብተሩን ቀደደው ማለት አይቻልም፤ መምህር ደብተር አይቀድም። አዲስ ገጽ ገልጦ ሦስት ዓምድ አሰመረ፤ «ይመለስ»፣ «ይውጣ»፣ «ይኑር»። በመጀመሪያው ሥር ጠፍተው የነበሩትን ጻፈ፤ ሶሌክሱን፣ ዲናሞውን፣ አረንጓዴውን ቀለም። በሁለተኛው ሥር የተበየደውን ዘንግ ከሁሉ በላይ አኖረ፤ ቀጥሎም ሽማግሌው ራሳቸው «ይህንስ አፍሬበታለሁ» ብለው ያመለከቱትን፣ በሻንሲው ላይ ተለጥፎ ውሃ ያቆረውን የብረት ንጣፍ። በሦስተኛው ሥር በርሜሉ ገባ፤ አባትየው የኋላ መጫኛዋን ያነጠፉበት የጽድ ሳንቃም ገባ። ከ43ቱ ውስጥ የቀሩት 11 ሆኑ። ሥራው ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ፈጀ።

መኪናዋ የተነሣችው በጥቅምት አንድ ማለዳ ነው። ሽማግሌው በማንቬላ ካልሆነ አሉ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ሞተሩ ያዘ። ሁሉም ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ሐይቅ ከተማ መንገድ ገቡ፤ መምህሩ ከመሪው ኋላ፣ ሽማግሌው ከጎኑ፣ በመካከላቸው የመምህሩ የልጅ ልጅ። ቢጫውና ቀዩ የማርሽ ጫፍ ምን እንደሆኑ ሕፃኗ ጠየቀች፤ ተነገራት።

ለንደን ያለችው እህት በስልክ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ፓራፋንጎው ልክ ገጠመ?» የሚል ነበር። መምህሩ ነገሩን ሁሉ አጫወታት፤ ሌሊቱን፣ ላስቲኩን፣ ፊደላቱን። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። በዚያ በ1977 ሌሊት የመዶሻው ድምፅ እንቅልፍ የነሳት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እርሷ ነበረች።

«ታዲያ የእኔው የት አለ?» አለች በመጨረሻ።

«ከዳሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የበርሜሉ ሲደክም ይተካዋል።»

«የበርሜሉ አይደክምም» አለች።