“ማን ነካው?” ከማለት በፊት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዘመድ የሚጠራኝ ለትኩሳትና ለደም ግፊት ነው። ባለፈው ወር ግን የቀረበልኝ በሽተኛ ኮምፒውተር ነበር።

የልጅ ልጄ የአርክቴክቸር ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። የምትሠራበት ዴስክቶፕ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ሁለተኛ እጅ ዕቃ ስለሆነ አንድ የሕንፃ ምስል ሬንደር ለማድረግ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። እናቷ እቁብ ሲደርሳት ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ገዛችላት። ለማታውቁት፣ ይህ ካርድ የምስሉን ስሌት ከዋናው ፕሮሰሰር ተቀብሎ የሚሠራ፣ የራሱ ፋን ያለው ሰሌዳ ነው።

ካርዱ በገባ ዕለት ስክሪኑ ጨለመ። ይሄ ቀላሉ ነበር፤ የስክሪኑ ገመድ በድሮው ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ቀርቶ ነው፤ ወደ ካርዱ ቀዳዳ ሲዛወር ምስል መጣ። ከዚያ ወዲያ ግን ሬንደር በጀመረች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። መብራት ነው እንዳንል አምፖሉም ፍሪጁም አልጠፉም። ሥራዋን ለማስረከብ የቀራት ሦስት ሳምንት ነው።

አባቷ “ደህና ይሠራ የነበረውን ማን ነካኪ አለሽ!” ብሎ ጮኸ። ባለሱቁ በስልክ “ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ማዘርቦርዱ ስለሞተ ቀይሩት” አለ። ጓደኛዋ ደግሞ ዊንዶውሱን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚ አለቻት። ማንም ሳይመረምር ሦስት መድኃኒት ታዘዘ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ብትውጥ የትኛው እንዳዳናት፣ የትኛው እንደጎዳት በምን ይታወቃል?

በጤና ጣቢያ ስሠራ ነጭ ጋዝ የጠጣ ሕፃን ይዘው የሚመጡ እናቶች ብዙ ነበሩ። በር ላይ የተቆጣናት እናት ልጁን በግድ አስመልሳው እንደሆነ አትነግረንም። ለእኛ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው፤ ጋዙ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባልና። ስለዚህ መጀመሪያ ወንበር እንሰጣለን፤ ቀጥሎ እንጠይቃለን።

ልጅቱንም ሻይ አፍልቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። “ከመታመሙ በፊት ምን ምን ተለወጠ? ካርዱ ብቻ ነው?” አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ “እቴቴ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው” ብላ ጀመረች። ካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ይፈልጋል፤ የእሷ ኮምፒውተር ደግሞ ያ ገመድ የለውም። ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ የሃርድ ዲስኩን ገመድ ወደ ካርዱ የሚቀጥል አነስተኛ መሰኪያ ሸጠላት። “ይሸታል?” አልኳት። “እንደተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፤ ከጎረቤት መስሎኝ ነበር።”

ከግድግዳው ነቅለን ክዳኑን ከፈትነው። የመሰኪያው ነጭ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ አንድ ጎኑ ቀልጧል። ይህ ኮምፒውተር የሚያድረው እሷ ከምትተኛበት አልጋ ራስጌ ነው።

መነጽሬን አድርጌ የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ አነበብኩ፤ 240 ዋት ይላል። ካርዱ ብቻውን 120 ይፈልጋል። ከማዘርቦርዱ ላይ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ የቀረውን በገመድ ይስባል። ለዚህ የተሠራው ባለ 8 ፒን ገመድ 150 ዋት ይሸከማል። የሃርድ ዲስክ ገመድ ግን በ12 ቮልት መስመሩ ለ54 ዋት ብቻ የተሠራ ነው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ካርድ ይበቃው ይሆናል፤ ሬንደር ሲጀምር ግን ደም እንዳነሰው ሰው ዳገት ላይ ይወድቃል። ማዘርቦርዱ ምንም አልሆነም፤ ብንቀይረው ብሩም ይሄዳል፣ መሰኪያውም መቅለጡን ይቀጥላል።

ፓወር ሰፕላዩን በትልቅ መለወጥም አስበን ነበር። የእንዲህ ዓይነት የቢሮ ኮምፒውተር ግን ቅርጹም መሰኪያውም የራሱ ነው፤ ገበያ ላይ የሚገኘው ሁሉ አይገባለትም። ስለዚህ የቀለጠችውን መሰኪያ በላስቲክ ጠቅልዬ ከልጅቱ ጋር ሱቁ ሄድን። ባለሱቁ አይቷት ብዙም አልተከራከረም። ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው 75 ዋት በሚበቃው፣ ተጨማሪ ገመድ በማይጠይቅ አነስ ያለ ካርድ ለወጠልን።

የቀድሞውን ካርድ ድራይቨር አጥፍታ የአዲሱን ጫነች፤ ሌላ ምንም እንዳትነካ ለመንኳት። በደብተር የሙቀት ሰንጠረዥ አሰመርኳት፤ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ነው። በየሩብ ሰዓቱ ስትመዘግብ 74 ዲግሪ ላይ ረጋ። ሰው 40 ሲደርስ የምደነግጥ ሴት 74 ጤና ነው ስባል ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

ካርዱ እንደ መጀመሪያው ፈጣን አይደለም። ቢሆንም ሌሊቱን ይፈጅ የነበረው ምስል አሁን በሁለት ሰዓት ተኩል ይወጣል። የመሰኪያውን ነገር ለአባቷ የነገረችው ራሷ ናት፣ እራት ላይ። መሰኪያዋን ተቀብሎ አገላብጦ አየና “አልጋሽ አጠገብ?” አላት። በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ ጠረጴዛውን ከአልጋው አርቆ ወደ መስኮቱ አዛወረላት።